ስድስት መስመር ግስ

ፈረንሳይኛ መማር የጀመርኩት በስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» የሚለውን ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ተርታብኛለችና ሌላ ሰው አይድከም። ደግሞም የተማርኩት ቋንቋውን አይደለም። አንድ ግስ ነው፤ እሱንም በአሁን ጊዜ ብቻ፣ ስድስት መስመር። አስተማሪዬ ያለፈውንና የሚመጣውን ጊዜ ሊጨምርልኝ ቢሞክርም እምቢ አልኩት። የአሁኑ ብቻውን በቂ ጉድ አፍልቶብኛል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሐረር ውስጥ ቦታ የተካሰሰ፣ ቤት የሸጠ፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላ ሰው ሁሉ ፋይሉ በእጄ አልፏል። መብራት ሲጠፋ እንኳ የሚፈለገውን ፋይል በዳበሳ ከመደርደሪያው መዝዤ አወጣ ነበር። በዚህ እኮራለሁ። በአጠቃላይ ኩሩ ሰው ነኝ። ኩራት እራት ነው ይላሉ፤ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ በልቼው አልጠገብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ። ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ያለ ችግር መጻፍ የቻልኩት በቅርቡ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ጅቡቲ፣ ወደቡ አካባቢ ሥራ አገኘች፤ እዚያም አንድ የአገሩን ሰው ወደደች። ሰውየው ሙስሊም ነው። እኛ ደግሞ ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ ከሰፈረ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልራቅን ቤተሰብ ነን። ልታገባው መሆኑን በስልክ ስትነግረኝ «እንግዲያው ልጅ የለኝም» አልኳት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷም የእኔው ልጅ ናትና አልለመነችኝም። በሰርጓ ሰሞን ብቻ በእናቷ በኩል አንድ ቃል ላከች፦ «ከመጣ ወንበሩ ይጠብቀዋል።»

አልሄድኩም። ባለቤቴንም እንዳትሄድ ከለከልኳት። ያን ሳምንት ስታለቅስ እያየኋት ጋዜጣ አነብ ነበር። ጋዜጣው ላይ ምን እንደነበረ አላስታውስም።

የልጅ ልጃችን ስትወለድ ግን ባለቤቴ አላስፈቀደችኝም። የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ሻንጣዋን በሩ ላይ አቆመችና «እስከ ሸዋ በር ትሸኘኛለህ ወይስ ባጃጅ ልጥራ?» አለችኝ። ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትሄዳለች፤ እኔም ከሰፈራችን ከአቦከር እስከ ሸዋ በር ሻንጣዋን ተሸክሜ አደርሳታለሁ። የድሬዳዋ ሚኒባስ ላይ እጭንላታለሁ። ረዳቱ «ድሬ፣ ድሬ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ባዶ እጄን በገበያው መሀል አቋርጬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከድሬዳዋ በባቡር እንደምትሄድ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ማን እንደሚቀበላት አልጠይቅም። ስትመለስም አልጠይቅም። እሷ ግን እያወቀች ወጥ ቤት ውስጥ ለጎረቤት ጮክ ብላ ታወራለች፤ እኔም ሳሎን ውስጥ ሬዲዮውን ቀንሼ እሰማለሁ።

የልጅ ልጄ አማርኛ እንደማትችል የሰማሁት እንዲሁ በግድግዳ በኩል ነው። በትምህርት ቤቷ ፈረንሳይኛ፣ ከአባቷ ጋር ሶማሊኛ ትናገራለች። ባለቤቴ ልጃችንን «ምነው አማርኛ ብታስተምሪያት?» ብትላት «ማንን እንድታናግርበት?» ብላ መለሰችላት አሉ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።

ልጅቷ አምስት ዓመት ሞልቷት ሳለ አንድ እሑድ ባለቤቴ ከቅዳሴ አልተመለሰችም፤ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ሄዳለች። በምስል የሚደወለው ዓይነት ጥሪ መጣ። ላለማንሳት አስቤ ነበር። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም ለማሰኘት ብዬ ስነካው ተከፈተና አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ፊቷን አስጠግታ አየችኝ። ስልኩን የያዘላት እጅ ይታያል። ቀለበት ያለው፣ ቀጭን፣ የማውቀው እጅ ነው፤ የልጄ ፊት ግን አይታይም። ልጅቷ መረመረችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ጥያቄ መሆኑን ግን ከቅንድቧ አወቅኩ። ደገመችው። እኔም የሥራ ልማድ አይለቅምና ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ የሰማሁትን በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፍኩት፦ «ቱ ቪያን ካን»። ከዚያ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ገባች፤ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች እጇ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

የሄድኩት ወደ ጓደኛዬ ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ያደግን፣ ሠላሳ ዓመት የፈረንሳይ ቱሪስቶችን እየመራ በጀጎል ውስጥ ያዞረ፣ አሁን እንደ እኔ ጡረታ የወጣ አደሬ ነው። ከጉዞው ሁሉ ለእኔ ሳይዝ አይመለስም፦ ከድሬ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ፣ አንዴም ከጅቡቲ ተምር አምጥቶልኝ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ አይታጣም። ቀይ በተቀባው መደብ ላይ ትራሱን ተደግፎ ጫቱን ይቅማል፤ እኔ ሻይ እጠጣለሁ፣ ለውዝ እፈለፍላለሁ፣ እንከራከራለን።

የተቀደደውን ጋዜጣ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ።

«አቦ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?» ብሎ ሳቀ። ሁለተኛ ሲያነበው ሳቁን ተወ። «ማን ነው ያለህ?»

ነገርኩት።

«መቼ ነው የምትመጣው፣ ነው የምትልህ» አለኝ።

ለውዙን ስፈለፍል ቆየሁ።

«ታዲያ ምን ልትላት ነው? እመጣለሁ ነው ወይስ አልመጣም? እሱን ብቻ ንገረኝ፣ በአንድ ደቂቃ አስይዝሃለሁ።»

«መጀመሪያ ግሱን አስተምረኝ» አልኩት። «ሙሉውን። እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ። ሥራ በሥርዓት ነው።»

«ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ አንድ ወረቀት ለማስቀመጥ መጀመሪያ ካቢኔ የምትገዛ ነህ» አለ። ከዚያ ግን እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ጻፈልኝ።

ዠ ቪያን። ቱ ቪያን። ኢል ቪያን። ኑ ቭኖን። ቩ ቭኔ። ኢል ቪየን።

እመጣለሁ፣ ትመጣለህ፣ ይመጣል እያለ ይወርዳል። ወዲያው ስህተት አገኘሁበት። ሦስቱ የላይኞቹ አንድ ዓይነት ሆነው እኛ እና እናንተ ላይ ሲደርስ መልኩን ይለውጣል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አመለኛ ግስ ነው» አለኝ። «ሌሎቹ ግሶች በሰልፍ ይሄዳሉ። ይሄኛው የአንተ ቢጤ ነው፣ ደስ ሲለው ይሄዳል፣ ሲከፋው ይቀራል። ብቻህን አትፍረድበት። የኛስ? መጣ፣ ይመጣል፣ ትመጣለህ ስንል ከርመን ሰው ስንጠራ ግን ና እንላለን። ና ከየት የመጣ ነው?»

እኔ ለማንም ሰው ና ወይም ነይ ካልኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ማሰቡን ለማቆም ሌላ ጥያቄ አነሳሁ፤ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚባል። አምስተኛው መስመር ለእናንተም ለእርስዎም እንደሚሆን ሲነግረኝ ጨዋ ቋንቋ ነው ብዬ አደነቅኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ልጅቷ ቱ ነው ያለችኝ።

«አንተ አለችኝ ማለት ነው?»

«አያቷ አይደለህ? እዚያ ቤት እርስዎ የሚባለው ለባዳ ነው።»

ይህን ሲል ሻዬን ልጠጣ ብርጭቆውን አነሳሁ። ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ከንፈሬ ላይ ሳደርሰው ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። እኔና ጓደኛዬ ልጆች ሳለን የተማርነው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ እኔ ቄስ ትምህርት ቤት፣ እሱ ቁርዓን ቤት። እኔ ፊደል ገበታ ይዤ፣ እሱ ሎህ የሚሉትን የእንጨት ሰሌዳ ታቅፎ፣ ሁለታችንም እየተወዛወዝን በዜማ እንጮህ ነበር። በዚህ መንገድ የገባ ነገር እስከ መቃብር አይወጣም። ችግሩ አንዱን ለይቶ ማውጣት አለመቻሉ ነው። የኔታ አንዱን ፊደል በስንደዶ ነክተው «ይህ ማን ነው?» ካሉን ከመጀመሪያው ከሀ ሁ ሂ ጀምረን እየዘመርን ወርደን ነበር የምንደርስበት። ስልሳ ዓመት ቢያልፍም ጭንቅላቴ ሌላ በር አላበጀም። ፈረንሳይኛውንም በዚያው በር አስገባሁት።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እኔ ለውዜን ይዤ እሄዳለሁ። እሱ ይጀምርልኛል፣ እኔ እቀበላለሁ። «በአፍንጫህ በል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው!» እያለ ያርመኛል። በሳምንቱ ስድስቱንም መስመር በውርድ ንባብ ዜማ፣ ወገቤን እያወዛወዝኩ፣ ሳልደናቀፍ አወርደው ጀመር። ጓደኛዬም ምርቃናው ሲሞቅለት አብሮኝ ይወዛወዛል። ባለቤቱ ከማጀት ብቅ ብላ «ያረቢ! እነዚህ ሰዎች ምን ሃይማኖት ገቡ?» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ቀረሁ። ባለቤቴ ስትሄድ ስልኳን መልሳ ጠረጴዛው ላይ ረሳችው። ረሳችው ብዬ የምጽፈው ለክብሯ ነው።

ልጅቷ ደወለች። እጁም አብሮ አለ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ መቼ ነው የምትመጣው? እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት፣ የሚያስፈልገኝን መስመር ነጥዬ ማውጣት አቃተኝ። ወይም እንዲያቅተኝ ፈለግኩ። ከላይ ጀመርኩ፣ ወረድኩ፣ ስድስቱንም በዜማ ዘለቅኩት።

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች። ከዚያ በወለቀው ጥርሷ በኩል ሳቋ ፈነዳ። «አንኮር!» አለችኝ። ይህን ቃል ሳልማር ገባኝ፤ ድገመው ነው። ደገምኩት። ሦስተኛው ዙር ላይ አብራኝ ትወዛወዝ ጀመር፤ አራተኛው ላይ እኔ «ኑ» ስል እሷ «ቭኖን!» ብላ ጨረሰች። አንዲት የታፈነች ሳቅ ከስልኩ ጀርባ ሰማሁ። የልጄ ሳቅ ነበር። ሰባት ዓመት አልሰማሁትም ነበርና ዜማውን ስቼ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ እሑድ የእኛ ቀን ሆነ። ልጅቷ ስም አወጣችልኝ፤ «ቪያን ቪያን» ትለኛለች። በሌላ ቀንም እናቷና ባለቤቴ ሲያወሩ እየገባች «ቪያን ቪያንስ?» ትላለች አሉ። እኔ ስድስቱን መስመር አንዴ እንደ ሰርግ ዘፈን፣ አንዴ እንደ ሰልፍ፣ አንዴ በሹክሹክታ እልላታለሁ፤ እሷ ትስቃለች፤ እጁ ይይዛል። ፊቱ አይመጣም። እኔም ፊትሽን አሳዪኝ አልልም። ደስተኛ ነበርኩ፤ ይህን አልደብቅም። እንዲያውም ነገሩ ሁሉ በዚሁ የተስተካከለ መሰለኝ። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ ጀሪካን መሙላት ለለመደ የሐረር ሰው በሳምንት አንዴ የምትመጣ ደስታ ብዙ ናት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ እንደ ልማዴ ጀመርኩ። ልጅቷ አልተወዛወዘችም። ጉንጯን በእጇ ደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ጨርሼ «አንኮር» እንድትለኝ ስጠብቅ፣ ሳትቆጣ፣ ያስተዋለችውን ነገር ብቻ እንደምትነግረኝ ሆና «ሜ ቱ ቪያን ፓ» አለችኝ። ወዲያው እጁ ስልኩን ዘጋው።

አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ለማንኛውም ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። ፀሐይዋ ወደ ሐኪም ጋራ ዞር ብላ ነበር፤ በመንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን ሰዎች ሰላም ልበላቸው አልበላቸው አላውቅም።

«ፓ ምንድነው?» አልኩት።

«ማፍረሻ ነው። አት… ም። ምን አለችህ?»

ነገርኩት። ጫቱን ወደ ጎን አደረገ። ጓደኛዬ ጫቱን ሲያስቀምጥ ቀልድ አልቋል ማለት ነው።

«ግን አትመጣም፣ አለችህ» አለኝ። «ልጅ እውነቷን ነው የተናገረችው። አንተ እኮ ስድስት መስመር ደርድረህ ከኋላው ተደብቀሃል። እኔም ዝም አልኩህ፣ ሲሳቅ ደስ ስለሚል። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከተቆጣህም ተቆጣ። እኔ ሄጄ ነበር።»

«የት?»

«ሰርጓ ላይ።»

የያዝኩትን ለውዝ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ጅቡቲ የታመመ ዘመድ አለኝ ብዬህ የሄድኩ ጊዜ። ልጅህ አንድ ሰው ሳይኖራት፣ በአባቷ ወገን ባዶ መደብ ሲታይ… አይሆንም አልኩ። ሄጄ ተቀመጥኩ። አባቷ የታል ሲሉኝ ታሟል አልኳቸው። አላህ ይየው፣ ውሸትም አልነበረም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከኝ! በሰባት ዓመት ስለ ልጅህ ሰርግ አንዲት ቃል ጠይቀኸኛል? ያመጣሁልህን ተምር ታስታውሳለህ? የኒካዋ ተምር ነበር። ራሷ ነች በላስቲክ ጠቅልላ የሰጠችኝ፤ ለአባዬ፣ ከማን እንደሆነ ሳትነግረው፣ አለችኝ። እዚሁ ተቀምጠህ ጣፋጭ ነው እያልክ ፍሬውን እስከ መጨረሻው በላህ።»

አስታወስኩት። ትላልቅ፣ ጥቁር፣ ለስላሳ ተምር ነበር። ሁለቱን ለባለቤቴ ይዤላት ሄጄ ነበር። ልጅ የሌለኝ ያህል ተኮፍሼ የልጄን የሰርግ ተምር ስበላ ጣቴን ልሼ ነበር።

«አንድ ሌላም አለ» አለ ጓደኛዬ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሙስሊም ነው ብለህ ነው እምቢ ያልከው። እሺ። እኔስ? ስልሳ ዓመት ቤትህ ስገባ ስወጣ፣ አባትህ ሲሞቱ መቃብር ስቆፍር፣ ምን መስዬህ ነበር? ያን ጊዜ ምንም አላልኩህም። ግን ቅር ብሎኝ ነበር።»

በዚህ ሁሉ ዘመን ይህ ሰው በእኔ ቅር ብሎት እንደሚያውቅ አላሰብኩም ነበር። ለእኔ እሱ ጓደኛዬ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም፤ ሙስሊም የምለው ልጄን የወሰደብኝን ሰው ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ የሞኝ ሒሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ በሁለት ፋይል ተለይቶ ሰባት ዓመት ተቀምጧል። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ከዚያ በፊት ይህን ቃል ለማን እንዳልኩት አላውቅም፤ ሻካራ ሆኖ ወጣ። እሱም «ኸረ ተወው አቦ፣ ለውዙን አቀብለኝ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። እኔም የራሴን ጠረግኩ።

በማግስቱ ፓስፖርት ለማውጣት ተነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በመስኮቴ ፊት ያሰለፍኩ ሰው በተራዬ ተሰለፍኩ። አንድ ማስረጃ ጎደለ፣ ተመለስኩ፤ ፎቶው አልሆነም፣ ተመለስኩ። «ነገ ይምጡ» የሚለኝ ወጣት ሠራተኛ ላይ ራሴን እያየሁ አንድም ቀን አልተቆጣሁም። ባለቤቴ ገርሟት ሐኪም እንዳይ መከረችኝ። ለልጃችን እንዳትነግር ለመንኳት። አንድ ጊዜ ወንበር አስጠብቄ ቀርቻለሁ፤ ደግሞ ብቀርስ ብዬ ፈራሁ። እሑድ እሑድ ልጅቷ መደወሏን አላቆመችም፤ እኔም ስድስቱን መስመር እላታለሁ፤ ከልቧ ሳይሆን ከትህትናዋ ትስቅልኛለች። እነዚያ እሑዶች ከሰባቱ ዓመታት ይልቅ ረዘሙብኝ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማለዳ ሁለት ሻንጣ ይዘን ወደ ሸዋ በር ወረድን። አንዱን እኔ፣ አንዱን ጓደኛዬ ተሸክሟል። እምቢ ብለውም አልሰማኝም፤ «ሻንጣ መሸኘት ምን እንደሚመስል ልየው» አለኝ። እጄ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አኖረልኝ። ሙሸበክ ነበር። «ከአባቷ ወገን ብለህ ስጣት» አለኝ።

ገበያው ገና እየተከፈተ ነበር። ባለቤቴ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ረዳቱ «ድሬ፣ ድሬ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። እግሬ ለአንድ አፍታ በለመደው መንገድ ወደ ገበያው ዞረ። ጓደኛዬ ትከሻዬን ይዞ መለሰኝ። ገባሁና ከባለቤቴ ጎን ተቀመጥኩ።

እሷም እንደ ሁልጊዜው ተነሥቻለሁ ለማለት ወደ ጅቡቲ ደወለች። ልጅቷ አነሳችው፤ እጁ ይዞላታል። አያቷን ሰላም ብላ ሳትጨርስ እኔን አየችና «ቪያን ቪያን!» አለች። ዘፈኑን እንድጀምር ጣቷን አነሳችልኝ።

«ዠ ቪያን» አልኩ። ቆምኩ።

ጠበቀችኝ። የረሳሁት መስሏት «ቱ ቪያን…» ብላ አስታወሰችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚህ በፊት ወደ ፈለግኩት መስመር ለመድረስ ስንት ስወርድ ከርሜ፣ የምፈልገው የመጀመሪያው ነበር። ስልኩን አዙሬ የሚኒባሱን ወንበር፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ሻንጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልበውን ጓደኛዬን አሳየኋት። ከዚያ ፊቴን መልሼ «ዠ ቪያን» አልኳት፤ ያለ ዜማ።

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ምስሉ ተናወጠ፤ ስልኩ ከእጅ ወድቆ ጣሪያ ላይ የሚዞር ማራገቢያ ብቻ ታየኝ። ጥቂት ዞረ። ስልኩ ሲነሳ የመጣው የልጄ ፊት ነበር። ከስታለች። ከጆሮዋ በላይ ጥቂት ሽበት ጀምሯታል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እንደ ልጅነቷ የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰችው።

«አባዬ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለችው አንድ ቃል ነው። «ድገመው።»

«እየመጣሁ ነው፣ ልጄ» አልኳት።